የተሰበረ ሕይወት በእምነት ይታደሳልን?



ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ የሀብሩን ወረዳ ያገኛል። ሲሪንቃን አልፎ መርሳ ይገባል። ዝናቡ በወቅቱ በጣለ ዓመት በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላውና ጤፉ ሲወዛወዝ፣ ማንጎውና ብርቱካኑ በየጓሮው ሲታይ፣ ይህ አገር ችግር የሚባል ነገር ደርሶበት የሚያውቅ አይመስልም። ነገር ግን ይህ መንገድ በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የተራበ ሕዝብ የወደቀበት፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦር የተመላለሰበትና ሕዝብ ልጁን አዝሎ የተሰደደበት መንገድ ነው። መሬቱ በየክረምቱ ይለመልማል፤ ሰው ግን እንደ መሬት አይደለም።

ስለዚህ ስለ እምነት በምንናገርበት ጊዜ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀናል። «እምነት የተሰበረውን ሕይወት ይጠግናል ትላላችሁ፤ ታዲያ የእኔ ያልተጠገነው ስለ ምን ነው?» የሚል ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው እምነት የጎደለው ነው ብለን ልናልፈው አይገባንም። ምናልባትም ከሁላችን ይልቅ እምነትን በቁም ነገር የያዘው እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄው የምንችለውን ያህል በቅንነት ለመመለስ እንሞክራለን።

ስብራቱ ምን ዓይነት ነው?

ስለ ስብራት በደፈናው መናገር ቀላል ስለሆነ፣ በቅድሚያ ነገሩን በግልጽ ማየት ይጠቅማል። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም ብቻ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ረሀብተኛ ተከማችቶ እንደነበረ ይታወቃል። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት የደርግ መንግሥት ከሰሜኑ የአገራችን ክፍል ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል በሰፈራ አጓጓዘ። ከእነዚህም የሚበዙት ከወሎ የተነሡ ነበሩ። ወዶ የሄደ ነበረ፤ ተገድዶ የተጫነም ነበረ። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ የተለያዩበት ጊዜ ነበር።

እስቲ በዚያ ዘመን የ10 ዓመት ልጅ የነበረን አንድ የሀብሩ ሰው በአሳባችን እንመልከት። አባቱን በረሀብ ያጣል፤ ከእናቱ ጋር ወደ ወለጋ ይወሰዳል። እዚያ ጫካ መንጥሮ ያርሳል፤ ያገባል፤ ይወልዳል። ከሌሎች የሰፈራ ሰዎች ጋር ሆኖ እድር ያቋቁማል፤ የአምልኮ ስፍራ ይሠራል፤ የሞቱትን ይቀብራል። ሕይወቱ ተጠገነ በሚልበት ጊዜ የ47 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ እንደገና ይሰበራል። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ በጊምቢ ወረዳ፣ በቶሌ ቀበሌ ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ሲገደሉ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከወሎ በሰፈራ የሄዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። ከወለጋ ከተፈናቀሉትም መካከል ብዙዎች ወደ ወሎ ተመልሰው፣ በሀብሩ ወረዳ ጃራ በተባለው ስፍራ በመጠለያ ድንኳን ተቀመጡ። በረሀብ የወጣ ሰው ተፈናቃይ ተብሎ ወደ ገዛ አገሩ ተመለሰ ማለት ነው። ያሰብነው ሰው ስም የለውም፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን በዘመናችን አልጠፋም።

በወልዲያና በመርሳ የቀሩትም ቢሆኑ የራሳቸው ስብራት ደርሶባቸዋል። ወልዲያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ ቆየች። ሆስፒታሏና ዩኒቨርሲቲዋ ተዘረፉ። በጦርነቱ በሰሜን ወሎ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ፤ ሴቶች ተደፈሩ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ሆኖም ዓመት ሳይሞላው በዚያው በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ጥያቄያችን የሚነሣው እንግዲህ በጸጥታ ዘመን ለሚኖር ሰው ሳይሆን ቁስሉ ሳይደርቅ በላዩ ላይ ለሚቆስል ሰው ነው።

ሦስት የተሳሳቱ መልሶች

ለእንዲህ ያለው ሰው ከእኛ ከአማኞች አፍ የሚወጡ ሦስት መልሶች አሉ፤ ሦስቱም ያቆስላሉ።

የመጀመሪያው «የኀጢአታችን ቅጣት ነው» የሚለው ነው። በሕዝብ ላይ መከራ በመጣ ቁጥር ይህን የሚል አይጠፋም። የኢዮብ ወዳጆችም ይህንኑ ነበር የመከሩት፤ እግዚአብሔር ግን በመጨረሻ የተቆጣው በኢዮብ ሳይሆን በእነርሱ ነው። ጌታችንም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኀጢአቱ የማን እንደሆነ በጠየቁት ጊዜ፣ የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ ነገራቸው። በረሀብ የሞተ ሕፃን የማንንም ዕዳ አልከፈለም። በ1966ቱም ሆነ በ1977ቱ ረሀብ ውስጥ የሰው ጥፋት ነበረበት ከተባለ፣ ጥፋቱ የረሀብተኛው ሳይሆን ረሀቡን የደበቁና እያወቁ የዘገዩ ሰዎች ጥፋት ነው።

ሁለተኛው «እመን፣ ያጣኸው ሁሉ ይመለስልሃል» የሚለው ነው። ይህ አባባል እምነትን የንግድ ውል ያደርገዋል። ያልተመለሰለት ሰው ከሐዘኑ በላይ የራሱን እምነት መጠራጠር ይጨመርበታል። ኢዮብ እንኳ በመጨረሻ ሌሎች ልጆችን ወለደ እንጂ የሞቱትን ልጆቹን አላገኘም። ልጅ በልጅ አይተካምና፣ የኢዮብን መጽሐፍ ያነበበ አባት ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ሦስተኛው «እርሳው፣ ያለፈው አልፏል» የሚለው ነው። ይህ ምክር የሚጠቅመው ለተጎዳው ሳይሆን፣ ጉዳቱን መስማት ለሰለቸው ሰው ነው። ክርስትና የመርሳት ሃይማኖት አይደለም። በእያንዳንዱ መሥዋዕተ ቅዳሴ የምናደርገው መታሰቢያ ነው፤ የምናስበውም የአንድ በግፍ የተገደለ ሰው ሞት ነው። ሞቱን በየቀኑ የሚያስብ ሕዝብ ለሐዘንተኛ «እርሳው» ሊል እንዴት ይቻለዋል?

ቁስሉን ይዞ የተነሣው ጌታ

ታዲያ እምነት ምን ያደርጋል? መልሳችንን የምንጀምረው ከትንሣኤው ነው። ጌታችን ከሙታን በተነሣ ጊዜ ሥጋው አዲስ ሆነ፤ የችንካሩና የጦሩ ቁስል ግን አልጠፋም። ቶማስም ያወቀው በዚያ ቁስል ነው። እግዚአብሔር ሞትን ያሸነፈ ሆኖ ሳለ ምልክቱን ያልደመሰሰው ለምንድን ነው? መታደስ ማለት ስብራቱ እንዳልነበረ መሆን ስላልሆነ ነው። ቁስሉ አለ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ቁስሉ አይደለም።

በአገራችን ገጠር እንስራ ሲሰበር ውኃ መቅዳቱ ያበቃል። ገሉ ግን አይጣልም። የቤቷ እሳት የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ወደ ጎረቤቷ ትሄድና እሳት ትጭራለች። የተሰበረው ሸክላ ወደ እንስራነቱ አልተመለሰም፤ ነገር ግን ፍም ተሸክሞ ለአንድ ቤት ብርሃን ይሆናል። ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ ሰው ከሸክላ እጅግ ይበልጣልና። ቢሆንም እምነት የሚሠራውን ሥራ በጥቂቱ ያሳየናል። በእምነት የታደሰ ሰው ከመሰበሩ በፊት የነበረውን ሰው አይሆንም። ልጁን ያጣ አባት ልጅ እንዳላጣ አይሆንም። ነገር ግን ሐዘኑ ሌላውን ሐዘንተኛ እንዲያውቅ ዓይን ይሆነዋል፤ ድንኳን ውስጥ ለተቀመጠው እንግዳ አንድ እንጀራ ሲያካፍል፣ የራሱን 77 እያሰበ ነው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ስለ ሰው ልጅ ሥቃይ ክርስቲያናዊ ትርጉም ሐዋርያዊ መልእክታቸውን የጻፉት በየካቲት 1976 ዓ.ም. ነበር፤ ይህም የኮረም ሜዳ በረሀብተኛ ከመሞላቱ ጥቂት ወራት በፊት መሆኑ ነው። በዚያ መልእክት ሥቃይ ሁሉ ቅጣት አለመሆኑን ከኢዮብ ታሪክ ተነሥተው ያስረዳሉ። ደግሞም ሥቃይ «ለምን?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ወዲያው እንደማይሰጠው፣ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ እንደሚመጣ ይመሰክራሉ። መልሱ የሚመጣውም በሐተታ ሳይሆን፣ አብሮ ከሚሠቃየው ከክርስቶስ ጋር በመገናኘት ነው ይላሉ። ይህ ለእኛ ለሰባክያን ትልቅ ተግሣጽ ነው። ሐዘንተኛን በማስረዳት አንፈውሰውም፤ አጠገቡ መቀመጥን ግን እንችላለን።

እፍረቱ የማን ነው?

በጦርነት የተደፈረች ሴት ስብራቷ ሁለት ነው። አንደኛው ግፈኛው ያደረሰባት ነው፤ ሁለተኛውን የምንጨምርባት እኛ ነን። በእኛ ማኅበረ ሰብ እፍረቱ ከበዳዩ ተነሥቶ በተበዳይዋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ትሰውረዋለች፤ ወደ ሐኪም ሳትሄድ ትቀራለች፤ ባሏ እንዳይፈታት፣ ጎረቤት እንዳይጠቋቆምባት ትፈራለች። አንዳንዷም እንደ ኀጢአተኛ ራሷን ቆጥራ ወደ ካህን ፊት ትመጣለች።

በዚህ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አያሻማም። ፈቃድ በሌለበት ኀጢአት የለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ410 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሮም በተወረረች ጊዜ ስለ ተደፈሩት ክርስቲያን ሴቶች ሲጽፍ፣ ንጽሕና የነፍስ መሆኑን፣ የሌላ ሰው ግፍም ሊያረክሰው እንደማይችል አስረድቷል። ከ1,600 ዓመት በፊት የተባለውን ዛሬ በመርሳና በወልዲያ መድገም ማስፈለጉ ያሳዝናል፤ ግን መደገም አለበት። እንዲህ ያለች እኅት ወደ ካህን ስትመጣ የምትፈልገው ፍትሐት ሳይሆን እምነትና አክብሮት ነው። ካህኑ ሊነግራት የሚገባው የመጀመሪያ ቃል «አንቺ ምንም አልበደልሽም» የሚል ነው። ቀጥሎም ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዳት፣ ምስጢሯን የሚጠብቅላት ሰው ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ጸሎት የሐኪምን ቦታ አይወስድም፤ ሐኪምም የጸሎትን ቦታ አይወስድም።

በዚያ ግፍ የተወለደ ሕፃን ቢኖርም እርሱ የእግዚአብሔር ልጅ ነው። «የእነ እገሌ ዘር» እያለ የሚጠራው ጎረቤት የጦርነቱን ሥራ በሰላም ዘመን እየቀጠለ መሆኑን ይወቅ።

ይቅርታና ፍትሕ

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል። ክርስቲያን ይቅር እንዲል ታዟል። ታዲያ መበለቲቱ ባሏን የገደለውን ሰው ይቅር ካላለች እምነቷ ከንቱ ነውን?

በመጀመሪያ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባናል። ቤተ ክርስቲያን ይቅርታን ትሰብካለች፤ በተጎዳው ሰው ምትክ ሆና ግን ይቅር አትልም። ያልተጎዳ ሰው ተነሥቶ የሌላውን ደም «ይቅር ብለናል» ቢል፣ የራሱ ያልሆነውን ገንዘብ እንደ መጸወተ ሰው ነው። ይቅርታ በትእዛዝና በቀነ ገደብ አይወጣም። በልብ ውስጥ የሚበቅል ነገር ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። «ይቅር ለማለት እንድችል እርዳኝ» ብላ የምትጸልይ መበለት፣ ገና ይቅር ባትልም እንኳ በወንጌል መንገድ ላይ ናት።

ሁለተኛ፣ ይቅርታ ፍትሕን አይሽርም። ይኸው ቅዱስ አባት በኅዳር 1973 ዓ.ም. ስለ መለኮታዊ ምሕረት ባወጡት መልእክት፣ ምሕረት ለክፋት ፊትን ማዞር አለመሆኑን፣ የተጎዳውን መካስና ክፉውን ማረም የይቅርታ አካል መሆኑን አስተምረዋል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን የነጠቀውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ስለዚህ ነው። የወሎ ሕዝብም ይህን ከማንም አልተማረውም። አበጋር የሚባሉት የእርቅ አባቶች ደም ያቃቡ ወገኖችን ሲያስታርቁ ነገሩን እንዲሁ በመተቃቀፍ አይዘጉትም። በዳዩ በደሉን ያምናል፤ ካሳ ይቈረጣል፤ ከዚያ በኋላ እርቁ በምርቃትና በመሐላ ይጸናል። እውነት ያልተነገረበት እርቅ አመድ የለበሰ ፍም መሆኑን ሽማግሎቻችን ያውቃሉ።

ሦስተኛ፣ የበዳዩም ሕይወት የተሰበረ ሕይወት መሆኑን መካድ አይቻለንም። በጦርነቱ ውስጥ ያልታጠቀ ሰው የገደለ ወጣት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል። ለእርሱም መንገድ አለ ብለን እናምናለን። በ1902 (እ.ኤ.አ.) በጣልያን አገር ማሪያ ጎሬቲ የተባለችውን የ11 ዓመት ልጅ ወግቶ የገደላት አሌሳንድሮ ሴሬኔሊ ነበር። ልጅቱ ከመሞቷ በፊት ይቅር አለችው። ይህ ይቅርታ ግን ከእስር አላዳነውም፤ 27 ዓመት ታሰረ። በእስር ቤት ተጸጸተ፤ ሲወጣም ወደ ሟች እናት ሄዶ ይቅርታ ለመነ፤ እርሷም ይቅር አለችው። አብረውም ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ምሕረትና ፍርድ አልተጣሉም። ይቅርታው ቀደመ፤ እስሩ አልቀረም፤ ሰውየውም ጠፍቶ አልቀረም። ጌታችንም ጴጥሮስን ሲመልሰው ክህደቱን እንዳልሰማ ሆኖ አላለፈውም። ሦስት ጊዜ ለካደው ሦስት ጊዜ ፍቅሩን ጠየቀው፤ ከዚያ በኋላ በጎቹን ሰጠው። በምስጢረ ንስሐ ውስጥ ያለው ሥርዓትም ይኸው ነው፦ መጸጸት፣ መናዘዝ፣ መካስ። ከሦስቱ አንዱን ቆርጦ ጥሎ «ታረቅሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ጠጋኙ ማን ነው?

የሚጠግነው እግዚአብሔር ነው፤ እጆቹ ግን ብዙ ጊዜ የሰው እጆች ናቸው። በመንገድ ወድቆ የነበረውን ቁስለኛ ደጉ ሳምራዊ ሲያገኘው ስለ እምነቱ አልጠየቀውም፤ ቁስሉን አጠበ፣ በአህያው ጫነው፣ የእንግዳ ማረፊያውን ሒሳብ ከፈለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ግድም የወሎ ረሀብ በተሰማ ጊዜም የሆነው ይኸው ነው። የበጎ አድራጎት ክርስቲያናዊ ድርጅቶች ኅብረት በአገራችን የተመሠረተው በዚያ ረሀብ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የማዘር ቴሬዛ ደናግልም ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በዚያው ዓመት ነው።

እኛ ካቶሊካውያን በሰሜን ወሎ ቁጥራችን ጥቂት ነው። የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከትም የተቋቋመው በጥር 2007 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የመጠገኑን ሥራ የእኛ ብቻ አድርገን ብንናገር ትዕቢት ይሆንብናል። በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር ሰው ሲሞት ቀባሪ ያወጣል፤ ለሐዘንተኛው እህልና ውኃ ያቀርባል። ኦርቶዶክሳዊው ለሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ መቃብር ይቈፍራል። ቤተሰቡን በሩቅ አገር ያለ ቀብር ጥሎ የመጣ ተፈናቃይ፣ አዲሱ ጎረቤቱ ለቅሶ ሊደርሰው ሲመጣ ሰው መሆኑ ይመለስለታል። የእግዚአብሔር ጸጋ በእኛ አጥር አይወሰንም፤ ባየነው ስፍራ ልናመሰግንና ልንተባበር ይገባናል።

እንግዲህ በየቁምስናችን ማድረግ የሚቻለን ነገር አለ። ሐዘንተኛን ሳናቋርጥ መስማት፣ የተደፈረችውን ከሐሜት መከላከል፣ ተፈናቃዩን በስሙ መጥራት፣ ከእስር ወይም ከጦር ሜዳ የተመለሰውን ወጣት ከመሸሽ ይልቅ ወደ ንስሐና ወደ ካሳ መንገድ መምራት። እነዚህ ትልልቅ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት ጊዜና ትዕግሥት ነው፤ እነርሱንም እንሰስታለን።

ሳይነጋ የሚታደል ቄጤማ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላም የመጀመሪያው ጠያቂ ከፊታችን ቆሞ «የእኔስ?» ሊለን ይችላል። አምኖ፣ ጸልዮ፣ ጠብቆ ገና ያልተጠገነ ሰው አለ። መጸለይ ያቃተውም አለ። ለእርሱ ማስረጃ አናቀርብለትም። አንድ ነገር ብቻ እናስታውሰዋለን።

በቀዳም ሥዑር ጌታ ገና በመቃብር ነው። ሕዝቡ ይጾማል፤ የሚያከፍለውም ያከፍላል። ሌሊቱ አልነጋም፤ ትንሣኤው አልታወጀም። በዚያች ቀን ካህናቱ ለምእመናን ለምለም ቄጤማ ያድላሉ፤ ሕዝቡም በራሱ ላይ ያሥረዋል። የጥፋት ውኃ ጎደለ ብላ ርግብ ለኖኅ ያመጣችውን ቅጠል ያስባል። ውኃው መጉደል የጀመረው ኖኅ ገና በመርከብ ውስጥ ሳለ ነበር። ዛሬ መጸለይ ያልቻለው ወንድማችን ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ባይሆንለት፣ ቄጤማውን ወደ ቤቱ የምንወስድለት እኛ ነን። እርሱ ማመን እስኪችል ድረስ በእርሱ ፈንታ የሚያምን፣ መጸለይ እስኪችል ድረስ በእርሱ ፈንታ የሚጸልይ ጎረቤት ሊኖረው ይገባል። ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስ አካል ትባላለች ማለታችን ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

የተሰበረ ሕይወት በእምነት ይታደሳልን? አዎን፤ ይታደሳል። ነገር ግን በመርሳት አይደለም፤ ፍትሕን በመሸሽ አይደለም፤ ያለ ጎረቤትም አይደለም። የሰላም አምላክ ለወልዲያ፣ ለመርሳ፣ ለሀብሩና ለመላው አገራችን ቁስለኞች ምሕረቱን ያውርድ፤ ለእኛም አጠገባቸው የመቀመጥን ትዕግሥት ይስጠን። አሜን።